ከአዝማሪ ቤት ሲመለሱ ጆሮዎ ለምን ይጮኻል?

አዝማሪ ሲሰሙ አምሽተው ጆሮዎ «ጭው» ካለ ጥፋቱ የማሲንቆው ሳይሆን የድምፅ ማጉያው ነው። ከፍተኛ ድምፅ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ያደክማል፤ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ቤቶች ያወጣው ጣሪያ በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው። መለኪያ ባይኖርዎትም፣ አጠገብዎ ያለውን ሰው ለማነጋገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ በዝቷል። ፊት ሆኖ ግጥም መስጠት ደስ ቢልም ከስፒከሩ ራቅ ይበሉ፤ በየመሃሉም ወጣ ብለው ጆሮዎን ያሳርፉ። ጥጥ መወተፍ እምብዛም አይጠቅምም።

ጩኸቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ ከቆየ ይመርመሩ። አንድ ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመ ግን «ኩክ ነው» ብለው አይጠብቁ። ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።