ድካም ሁሉ የስኳር ማነስ አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ በተመላላሽ ሕክምና ከማያቸው የስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። «ዶክተር፣ አቅም አጣሁ፤ ከሰዓት በኋላ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል» ይላሉ። ምን እንዳደረጉ ሲጠየቁ መልሱ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ማር ወይም ስኳር የበዛበት አጥሚት ይሆናል። «ስኳሬ ወርዶ ነው» ብለው ያምናሉ። ሲለኩ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ250 በላይ ነው።

ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሰው እንዴት ይደክማል? ከምግብ የተገኘውን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች የሚያስገባው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲቀንስ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ጡንቻው ግን ይራባል። ትርፉ ስኳር በሽንት ሲወጣ ውኃም ይዞ ስለሚወጣ ጥማቱና ድካሙ ይብሳል። በዚህ ላይ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ6 የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር ይጨምርበታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቭን ይጎዳል። «መድኃኒቱ ነው ያደከመኝ» ብለው የሚያቋርጡም አሉ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

መለኪያ ያላችሁ ጣፋጭ ከመውሰዳችሁ በፊት ተለኩ። ከ70 በታች ከሆነ በእርግጥም ወርዷል። ምልክቶቹ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብና የልብ ምት መፍጠን ናቸው። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተለኩ፤ ሲስተካከል ምግብ ብሉ። መለኪያ የሌለው ሰው እነዚህ ምልክቶች ከታዩበት ሳይጠብቅ ስኳሩን ይውሰድ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። በአካባቢያችን የዕለት ምግብ የሆነው ቆጮ በአብዛኛው ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው። ቡርሳሜ ሲሆን ደግሞ ቅቤው ይጨመራል። ቆጮ አትብሉ የሚል ምክር የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ታማሚው ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው እሱ ነውና። የሚሻለው መጠኑን ቀንሶ አጃቢውን ማብዛት ነው። የሳህኑ ግማሽ ጎመን ወይም ሌላ አትክልት፣ ሩቡ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ምስር ወይም ባቄላ፣ የቀረው ሩብ ቆጮ ወይም እንጀራ ይሁን። ከጋራ ትሪ የሚበላ ሰው የራሱን ድርሻ መለካት ስለሚያስቸግረው አስቀድሞ በሳህን ቢያስቀርብ ይመረጣል። (ጉርሻውን እንዴት እንደሚመልስ ግን እኔም መላ አላገኘሁለትም።)

ዓሣን በተመለከተ ሐዋሳ ዕድለኛ ናት። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው። አሞራ ገደል ሄዳችሁ በዘይት ከተጠበሰው ይልቅ ሾርባውን ወይም በትንሽ ዘይት የተሠራውን ምረጡ። አቮካዶም ጥሩ ነው፤ ችግሩ ጁስ ቤት ገብቶ ስኳር ሲጨመርበት ነው። በሎሚ፣ ያለ ስኳር፣ በማንኪያ መብላት ይቻላል።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሶ እስከ 9 ሰዓት የሚሠራ የባጃጅ ሾፌር፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ብዙ ቢበላ፣ ስኳሩ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል። የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ እፍኝ ሽምብራ ይዞ መውጣት ብዙ ወጪ የለውም።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላም የድካም ምክንያት አለ። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ቢ12 መጠን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ስለዚህ ሜትፎርሚን እየወሰደ ብዙ ቀን የሚጾም ሰው ድካምና የእግር መደንዘዝ ከተሰማው ለሐኪሙ ይንገር፤ በምርመራ ሊታወቅና ሊታከም የሚችል ነው። የደም ማነስ ያለባቸው ደግሞ ሻይና ቡናውን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡ፤ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳልና።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል። ኩላሊታችሁ መጎዳቱ የተነገራችሁ ደግሞ ከላይ ያለውን የአመጋገብ ምክር እንዳለ አትውሰዱት፤ ባቄላውም፣ አቮካዶውም፣ የዓሣው መጠንም ለእናንተ በላቦራቶሪ ውጤታችሁ መሠረት የሚወሰን ነው።