በአንድሮሜዳ አጠገብ ተደብቆ የኖረው ደመና

ዛሬ ቀና ብለን ስለ ሰማይ እንጫወታለን።

በጥንት ግሪኮች ተረት ውስጥ ሴፌዎስ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥና ካሲዮፕያ የምትባል ንግሥት ነበሩ። ልጃቸው አንድሮሜዳ ትባላለች። (ግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር እንጂ የዛሬዋን አገራችንን ብቻ ማለታቸው አልነበረም።) ዛሬ ሦስቱም የኮከብ ስብስቦች መጠሪያ ናቸው። በአንድሮሜዳ ስብስብ ውስጥ ደግሞ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ አለ። ከእኛ ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ሆኖም በጣም ጨለማ ከሆነ ቦታ በዓይናችን እናየዋለን።

ይህ ጋላክሲ ከመቶ ዓመት በላይ በትልልቅ ቴሌስኮፖች ፎቶ ሲነሳ ኖሯል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሦስት አማተሮች አጠገቡ ማንም ያላየውን ነገር አገኙ። አማተር ማለት ሥራው ስለሆነ ሳይሆን ስለሚወደው ብቻ የሚሠራ ሰው ነው። ሰዎቹ ፈረንሳዮቹ ያን ሳንቲና ግዛቪዬ ስትሮትነር፣ እንዲሁም ጀርመናዊው ማርሴል ድሬክስለር ናቸው። ያገኙት እንደ ቅስት የታጠፈ ኔቡላ ነው። ኔቡላ በላቲን ጉም ወይም ደመና ማለት ሲሆን፣ በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። የዚህኛው ርዝመት በሰማይ ላይ ሦስት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ያህላል!

እንዲህ ትልቅ ከሆነ እንዴት ሳይታይ ቀረ? ብርሃኑ እጅግ ደካማ ስለሆነ ነው። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያዩት የሰማይ ክፍል በአብዛኛው ጠባብ ነው። ሳንቲ የተጠቀመበት ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት 106 ሚሊሜትር ብቻ፣ ከሻይ ሰሐን ያነሰ ነው። ግን ሰፊ ሰማይ ያሳያል።

ዘዴው ሁለት ነገር ይፈልጋል።

አንደኛ፣ ማጣሪያ። ቡና ስናጠል አተላው ቀርቶ ቡናው ብቻ እንደሚያልፍ፣ በካሜራው ፊት የሚደረገው ማጣሪያም አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። በጠፈር ደመና ውስጥ ያለ ኦክስጅን ኃይል ሲያገኝ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ብርሃን ይሰጣል። ማጣሪያው ያንን አስገብቶ የመንገድ መብራቱን ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥት። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን በቁጥር ላስረዳችሁ። በአንድ ፎቶ ላይ ደመናው በካሜራው ነጠብጣብ ተውጦ አይታይም። ነገር ግን ነጠብጣቡ በየፎቶው ቦታውን ይቀያይራል፤ ደመናው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ፎቶዎቹ በኮምፒውተር ሲደመሩ ነጠብጣቡ እየደበዘዘ ደመናው እየጎላ ይመጣል። 4 ፎቶ ሲደመር ጥራቱ 2 እጥፍ፣ 100 ፎቶ ሲደመር 10 እጥፍ ይሆናል። አቋራጭ መንገድ የለውም! ሳንቲ ብዙ ሌሊት እየተመላለሰ ከ100 ሰዓት በላይ ብርሃን ሰበሰበ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ይኸው ነው።

ቅስቱ ሲታይ ግን ወዲያው «አገኘን!» ብለው አልጮኹም። በሌንሱ ውስጥ የተንጸባረቀ ብርሃን ቢሆንስ? ስለዚህ ሌሎች ሰዎች በሌላ መሣሪያ፣ ከሌላ ቦታ ሆነው ያንኑ ሰማይ ደግመው አነሱት። ቅስቱ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ከሳይንቲስቶች ጋር ሆነው ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ2023 አሳተሙ። ፎቶውም በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የግሪኒች ሮያል ኦብዘርቫቶሪ በሚያዘጋጀው ውድድር አንደኛ ወጣ። ደመናው አንድሮሜዳ ዘንድ ነው ወይስ በራሳችን ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ነው የሚለው ሳይንቲስቶችን ሲያከራክር ቆይቷል።

ልጆች፣ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አንድ ነገር አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም። «ይህ ተመርምሮ አልቋል» ቢሏችሁም እናንተ ደግማችሁ ጠይቁ። ያገኛችሁትን ደግሞ ለሰው ከመንገራችሁ በፊት አረጋግጡ።

ወላጆች፣ ለዚህ ውድ ቴሌስኮፕ መግዛት አያስፈልግም። በመከር ወራት፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ልጆቹን ይዛችሁ ከከተማው መብራት ራቅ በሉ። ስልኮቹን አጥፉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ባይኖኩላር ካላችሁ ያዙ። መንገድ ላይ የአንድሮሜዳን ተረት በአማርኛ ብትነግሯቸው ደግሞ ጉዞው ሁለት ትምህርት ይሆናል።

አዲስ ቃላት
ኔቡላ፦ የጠፈር ደመና
ቅስት፦ እንደ ቀስት የታጠፈ ቅርጽ
ፍኖተ ሐሊብ፦ የወተት መንገድ፤ የእኛ ጋላክሲ ስም

የቤት ሥራ
1. የፎቶው ጥራት 20 እጥፍ እንዲሆን ስንት ፎቶ መደመር አለበት?
2. ሰዎቹ ቅስቱን ሌሎች ደግመው እንዲያነሱት ለምን ፈለጉ? በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ በሰላም ያገናኘን!