የሽንት ቤት ጉድጓድ ሞልቶ ሲቀየር ቤተሰብዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

ከአዲስ አበባ የተወሰኑ አካባቢዎች በቀር አብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች የፍሳሽ መስመር የላቸውም። እንደ አምበር፣ ቢቸናና ሞጣ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞችም የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀመው በየግቢው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ሥራውን የሚመሩት እርስዎ ወይም በጋራ የምትጠቀሙ ጎረቤቶች ናችሁ። በተለይ አሮጌው ተከፍቶ አዲሱ እስኪጀምር ያሉት ቀናት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

መቀየር ያለበት መቼ ነው?

• የተጠራቀመው ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው
• የተደፋ ውሃ ቶሎ አልወርድ ሲል ወይም ፍሳሽ ወደ ግቢ ሲወጣ
• ወለሉ ሲሰነጠቅ ወይም ሲሰምጥ። በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ መጠቀም ያቁሙ።

ምን በሽታ ያመጣል?

የሞላ ጉድጓድ ውሃንና ምግብን በመበከል ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ ያስተላልፋል። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በአማራ ክልል በስፋት የሚታየውን ትራኮማ የሚያዛምቱ ዝንቦችም ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ይራባሉ።

ቦታውንና ጊዜውን መምረጥ

ሥራውን ክረምት ሳይገባ ይጨርሱ። ጥቁር (ዋልካ) አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳው በድንጋይ ካልተደገፈ ሊደረመስ ይችላል። ውሃም ቀስ ብሎ ስለሚያሰርግ ማስረጊያው ጉድጓድ ጠበብ ካለ ቶሎ ይሞላል።

አዲሱ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃው በላይ ባለ ተዳፋት ላይም አይሁን። በበጋ ደረቅ የነበረ ጉድጓድ በክረምት ውሃ ሊያፈልቅ ይችላል። ስለዚህ የአካባቢው የውሃ ጉድጓድ በነሐሴ እስከ የት እንደሚሞላ ጎረቤት ይጠይቁ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለል ከዚያ ከፍታ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ መሆን አለበት።

ከመጀመርዎ በፊት

• ስለ ፈቃዱና የሚመጠጠው ፍሳሽ ስለሚደፋበት ቦታ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። ወንዝ ወይም ማሳ ውስጥ አይደፋ።
• ስለ ቦታው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያማክሩ።
• ጉድጓዱ የጋራ ከሆነ የእያንዳንዱን መዋጮና ኃላፊነት በጽሑፍ ይስማሙ።
• ከተቻለ አዲሱ ሳያልቅ አሮጌውን አይዝጉ። ካልተቻለ በእነዚያ ቀናት የምትጠቀሙበትን የጎረቤት ሽንት ቤት አስቀድመው ያነጋግሩ።

ወደ ጉድጓዱ ማንም አይግባ

በጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጋዙ ሲበዛ አፍንጫ ማሽተት ያቆማል፤ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ኩራዝ፣ ሻማ ወይም ሲጋራም አያቅርቡ፤ ጋዙ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሰው ከወደቀ ተከትለው አይግቡ። ብዙ ጊዜ ሊያድን የገባውም አብሮ ይሞታል። ለእርዳታ ይጩኹ፣ ከላይ ሆነው ገመድ ይጣሉለት። ከወጣ በኋላ ንጹሕ አየር ወዳለበት ወስደው በፍጥነት ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ክፍት ጉድጓድ ሁልጊዜ ይከደን፣ ይታጠር፤ ልጆች ይጠበቁ።

አሮጌው ጉድጓድ

ሳይመጠጥ የሚዘጋ ከሆነ በአፈር ሞልተው ምልክት ያድርጉበት። ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላው አይክፈቱት፣ ለጓሮ አትክልትም ማዳበሪያ አያድርጉት። አፈሩ ስለሚሰምጥ ቤት አይሥሩበት።

በቤት ውስጥ ታማሚ፣ አረጋዊ ወይም ሕፃን ካለ

በፖፖ ያስጠቅሙ፤ ወዲያውኑ ሽንት ቤት ይድፉ። ፖፖውን በ1 እጅ በረኪናና በ9 እጅ ውሃ ያጽዱ። እጅዎን በሳሙና፣ ከሌለ በአመድ ይታጠቡ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ከሆነ አፍልታችሁ ጠጡ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

• እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ብዙ ተቅማጥ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲኖር
• ትውከት ሲደጋገም ወይም ትኩሳት ሲኖር
• ሕፃኑ መጥባት ሲያቅተው፣ ዓይኑ ሲሰረጉድ፣ ሽንቱ ሲቀንስ

በመንገድ ላይም ኦአርኤስ ማጠጣትዎን፣ ሕፃኑንም ማጥባትዎን አያቋርጡ።