ያገለገለ የሸክላ ምድጃ፤ ከዋጋው በፊት ኦሙ

ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሸክላ ማቃጠያ ምድጃ ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላው የሚያሳየው ክዳኑንና የውጭ ቆርቆሮውን ነው። ሻጩም ማብሪያውን ጫን አድርጎ «ይኸው ይግላል» ይላል። ገዢው ገንዘቡን የሚያጣው ግን በጡቡ ቦይ ውስጥ በተጠመጠመው ሽቦ፣ ማለትም በሬዚስታንሱ ነው።

መጋል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሸክላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቃጠለው 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሲሆን፣ ውሃ የማያሳልፈው ጠንካራ ዕቃ ደግሞ 1,200 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የደከመ ምድጃ ፍም መስሎ እየታየ መጨረሻዎቹን 100 ዲግሪዎች መውጣት ያቅተዋል። ቆጣሪው ሌሊቱን ሙሉ ይቆጥራል፤ ጠዋት የሚወጣው ዕቃ ግን ቅባቱ ያልቀለጠ፣ ለገበያ የማይቀርብ ይሆናል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በ220 ቮልት 6 ኪሎዋት የሚሰጥ ምድጃ 27 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የሬዚስታንሱ ጠቅላላ መጠንም 8 ኦም ገደማ ነው። በአገልግሎት ብዛት ኦሙ በ10 በመቶ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ 5.4 ኪሎዋት ይወርዳል። በዘርፉ የተለመደው የመቀየሪያ ምልክትም ይኸው ነው። ስለዚህ ገዢው ኃይሉን አስቋርጦ በቴስተር ኦሙን ማስለካትና በምድጃው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት አለበት።

ከአሜሪካ የሚመጡ ምድጃዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። ለ240 ቮልት የተሠራው በ220 ሲሠራ ሽቦው አዲስ ቢሆን እንኳ 16 በመቶ ጉልበት ያጣል። ለ208 የተሠራው በአንጻሩ 12 በመቶ ትርፍ ጉልበት ስለሚስብ ሽቦውም መስመሩም ቶሎ ይጎዳሉ።

ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ለእንጀራ ምጣድ የሚሸጠውን ስፕሪንግ መግጠም ኪሳራ ነው። ምጣድ የሚሠራው በጥቂት መቶ ዲግሪ ነው። ለከፍተኛ ሙቀት የሚመረጠው ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም የተሠራው ሽቦ ሲሆን፣ የተሻለው ዓይነት እስከ 1,400 ዲግሪ ይችላል። ይህ ሽቦ አንዴ ከጋለ በኋላ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ስለሚሆን በቀዝቃዛው መታጠፍ የለበትም።

ሬዚስታንሱ ሲቀየር ሙሉውን በአንድ ጊዜ መቀየር ይመረጣል። አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል አንዱ ጎን ይበስላል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። መጋጠሚያዎቹም አብረው ይቀየራሉ። የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ራሱ ስለሚግል አዲሱን ሽቦ ከጫፉ ያቃጥለዋል። እዚያ ቦታ ተራ የፕላስቲክ ልባስ ያለው ገመድ ይቀልጣል፤ ሙቀት የሚችል ልባስ ያለው ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ምድጃው መጀመሪያ ባዶውን ቢግል ሽቦው መከላከያ ቆዳ ያወጣል።

መለዋወጫ አስመጪም ቢሆን በሜትር ወይም በኪሎ ብቻ ማዘዝ አይበጀውም። ቮልቱ፣ ኪሎዋቱ፣ ኦሙና የሽቦው ውፍረት በትዕዛዙ ላይ ካልሰፈሩ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ለገዢ ደግሞ ምክሩ አጭር ነው፤ የአንድ ሙሉ ሬዚስታንስ፣ የመጋጠሚያዎችና የሠራተኛ ዋጋ ተደምሮ ከሻጩ ጥሪ ላይ ይቀነስ። ድርድሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው።