ስንት ድመት? በስንት ዕድሜዋ?

ከወላይታ ሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአረካና በአካባቢዋ፣ በቆሎው ከማሳ ተሰብስቦ ጎተራ በሚገባበት ወራት አይጥም አብራ ትገባለች። አይጥ የምትጎዳውም በምትበላው ብቻ አይደለም፤ በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸው እህል ብዙ ነው። ስለዚህ ቤተሰባችሁ ድመት ለማምጣት ቢመክር፣ አስቀድማችሁ ልትመልሷቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ይኸውም ስንት ድመት እና በስንት ዕድሜዋ የሚሉት ናቸው።

ከዕድሜዋ እንጀምር፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። ብዙ ሰው ግልገሏ መራመድ እንደጀመረች፣ ገና የ1 ወር ልጅ ሳለች፣ ከእናቷ ነጥሎ ይወስዳታል። በዚህ ዕድሜ ጥርስ ብታወጣም ጡት አልጣለችም። የላም ወተት ቢሰጧት ብዙውን ጊዜ ያስቀምጣታል፤ ያ ትንሽ ገላ ደግሞ ተቅማጥን ለብዙ ቀን አይችልም። ከሞት ብትተርፍ እንኳ የሚቀርባት ትምህርት አለ። እናት ድመት በመጀመሪያ የሞተች፣ ኋላም በሕይወት ያለች አይጥ እያመጣች ግልገሎቿን አደን ታስለምዳለች። ግልገሏም ከእኅት ወንድሞቿ ጋር ስትላፋ ንክሻዋን ማለዘብ ትማራለች። እንግዲህ ከ8 ሳምንት በፊት አትውሰዷት፤ 12 ሳምንት ቢሞላት የተሻለ ነው። እስከዚያው ግን እየሄዳችሁ ደባብሷት፤ ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

አይጥ ዛሬውኑ በቆሎውን እየጨረሰችባችሁ ከሆነ ግን ግልገል አትደርስላችሁም፤ ያደገች ድመት ፈልጉ። እርሷም ወደ ቀድሞ ቤቷ መመለስ ስለሚቃጣት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት በር ዘግቶ እያበሉ ማለማመድ ያስፈልጋል። «እንድታድን አስርቧት» የሚሉትን አትስሙ፤ የተራበች ድመት የጎረቤት ጫጩት ትለምዳለች፣ የጠገበችም ብትሆን አይጥ ማደኗን አትተውም።

ስለ ቁጥሩ፣ ለአንድ ጎተራ አንዲት ያደገች ድመት ትበቃለች። ግልገል ከሆነ የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሁለት ቢወሰዱ እርስ በርስ እየተጫወቱ ያድጋሉ፤ ብቸኛዋ ግልገል የምትነክሰው የእናንተን እግር ነው። ከሁለት በላይ ግን አታብዙ። ሴት ድመት 6 ወር እንኳ ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ አራት አራት ብትወልድ፣ ቤታችሁ 8 አፍ ይጨመርበታል። ድመት የእብድ ውሻ በሽታን ለሰው ልታስተላልፍ ስለምትችል፣ እያንዳንዷን ማስከተብ ግዴታ ይሆንባችኋል።

ድመቲቱን ከማምጣታችሁ በፊት በጎተራው ሥር የተቀመጠ የአይጥ መርዝ ካለ አንሡ፤ መርዝ የበላችውን አይጥ ድመቲቱ ትበላታለችና።