«60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲባል
(ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስለ ባትሪው)

ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚል ነው። ሻጩም መልሱን አያዘገይም፤ «60 ኪሎ ሜትር» ይላል። ገዢው ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ ያለውን ርቀት በልቡ ያሰላና፣ ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ለሦስት ቀን ይበቃኛል ብሎ ገንዘቡን ይቆጥራል። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን 25 ኪሎ የሚመዝነውን ብስክሌት ዳገት ላይ ሲገፋ ይገኛል። ሻጩ ዋሽቷል? የግድ አይደለም። ገዢው ሞኝ ነው? እሱም አይደለም። ሁለቱ የተነጋገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። ሻጩ የነገረው ስለ ሜዳ፣ ስለ ቀጭን ነጂና ስለ ለስላሳ አስፋልት ሲሆን፣ ገዢው የሚነዳው ግን በአዲስ አበባ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች መዝናኛ ሆኖ የቀረ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላነሳሁት ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ተመርቋል። ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ የምንገዛው ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከራሳችን ወንዝ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ደመወዝተኛው ለብስክሌት የሚያወጣው ገንዘብ ትርጉም አለው፤ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከውጭ የሚመጣው ባትሪ ነው። ባትሪውን ሳያውቁ መግዛትና ሳያውቁ መንዳት የቤተሰብን ጥሪት ያለ ውል እንደ ማበደር ይቆጠራል።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ብስክሌቱን ስለምነዳው፣ ሒሳቡም ከ8ኛ ክፍል ፊዚክስ ብዙ ስለማያልፍ፣ የተረዳሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

ኪሎ ሜትር ሳይሆን ዋት-ሰዓት

ለሻጩ መቅረብ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር?» ሳይሆን «ስንት ዋት-ሰዓት?» የሚለው ነው። ዋት-ሰዓት ባትሪው የሚይዘው የጉልበት መጠን ነው፤ የነዳጅ ታንከር ሊትር እንደ ማለት። በባትሪው ላይ ባይጻፍ እንኳ ማስላት ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ማባዛት ብቻ ነው። 36 ቮልትና 14 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 504 ዋት-ሰዓት ይይዛል። 48 ቮልትና 10 አምፔር-ሰዓት የሆነው ደግሞ 480። እዚህ ላይ «48 ቮልት ነው፣ ይበልጣል» የሚለው የገበያ ወሬ ሒሳብ እንደማያውቅ ልብ ይሏል።

ቀጣዩ ጥያቄ አንድ ኪሎ ሜትር ስንት ዋት-ሰዓት ይበላል የሚለው ነው። በሜዳ ላይ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ፣ እግሩም ፔዳሉን እየረገጠ የሚነዳ ሰው በኪሎ ሜትር 8 ዋት-ሰዓት ያህል ቢፈጅ 504 ለ8 ሲካፈል 63 ይሆናል። የሻጩ 60 ኪሎ ሜትር የመጣው ከዚህ ነው። ፔዳሉን ሳይነካ፣ የእጅ መያዣውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ፣ በዳገትና በመብራት መካከል የሚከንፍ ሰው ግን በኪሎ ሜትር 16 ዋት-ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የእሱ ባትሪ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ያልቃል። ባትሪው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከመንገዱና ከነጂው ላይ ነው።

ዳገቱ ስንት ይወስዳል?

ቦሌ አየር ማረፊያ ከባህር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የእንጦጦ ተራራ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ወደ 700 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ ማለት ነው። ነጂው 75 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 25 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ይህን 100 ኪሎ ሸክም 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 27 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከሚስበው ጉልበት ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ፣ ከባትሪው የሚወጣው 36 ያህል ነው። ከቦሌ ተነስቶ እንጦጦ የሚወጣ ሰው እንግዲህ በመንገዱ ርዝመት ከሚያወጣው ሌላ፣ ለከፍታው ብቻ 250 ዋት-ሰዓት ይከፍላል፤ ይኸውም የባትሪውን ግማሽ።

ሲወርድ አይመለስም ወይ? ብዙ ጊዜ አይመለስም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ባትሪውን መልሶ የሚሞላ ብስክሌት ጥቂት ነው። በፔዳሉ አጠገብ ሞተር ያላቸውና በጎማው መሃል ጥርስ ያለው ትንሽ ሞተር የተገጠመላቸው ይህን አያደርጉም። የሚያደርጉትም ቢሆኑ የሚመልሱት ከወጣው ላይ ጥቂቱን ነው። ስለዚህ አንድ አካባቢ ለመድረስ ሁለት መንገድ ካለ፣ ረጅሙ ሜዳ ወርዶ እንደገና ከሚወጣው አጭር መንገድ ሊሻል ይችላል። እኔ ከሾላ በቀበና አድርጌ ወደ አራት ኪሎ ስጓዝ እስከ ቀበና ድልድይ የወረድኩትን ሁሉ እንደገና መልሼ እወጣዋለሁ፤ በመለኪያው ላይ ቶሎ የሚወርደው መስመርም እዚያ ያለው ነው። ባህር ዳርና ሐዋሳ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ከተሞቻቸው ሜዳ ናቸው።

ከፍታው ግን የሚሰጠንም ነገር አለ። የአዲስ አበባ አየር ከባህር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ነጂውን ወደ ኋላ የሚገፋው አየርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ታላቁ የቤልጅየም ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰኑን (49.431 ኪሎ ሜትር) ለማስመዝገብ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። የቤንዚን ሞተር በስስ አየር ሲደክም፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አይጎድልበትም።

ቀስ በቀስ…

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የተነገረ ይመስላል። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ልክ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ከ20 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲባል ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ አየሩን ለመግፋት በየኪሎ ሜትሩ የሚወጣው ጉልበት ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። በ6 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ በ20 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት 6 ደቂቃ ነው። ስድስቱን ደቂቃ ግን ባትሪው ይከፍላቸዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጥረው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጠውን፣ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዘውንና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆመውን ነው። ሕጉ የወጣው ለደህንነት ቢሆንም፣ 25 ኪሎ ሜትር ባትሪ ለመቆጠብም ጥሩ ልክ ነው።

መቆምና መነሳት ሌላው ወጪ ነው። አንድ ጊዜ ቆሞ እስከ 25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመመለስ ከባትሪው አንድ ዋት-ሰዓት ገደማ ይወጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በቀን 50 ጊዜ በመብራት፣ በአደባባይና በታክሲ ፊት የሚቆም ሰው የባትሪውን አንድ አሥረኛ ያወጣል። መድኃኒቱ ሩቅ ማየት ነው። ቀዩ መብራት ከሩቅ ከታየ ሞተሩን ቀድሞ ለቅቆ መንከባለል፣ ሲነሱም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜትሮች በእግር መርገጥ።

እግር፣ ማርሽና ጎማ

ጤነኛ ጎልማሳ ሳይጨነቅ 100 ዋት ያህል በእግሩ ማውጣት ይችላል። ለአንድ ሰዓት ቢረግጥ 100 ዋት-ሰዓት አዋጣ ማለት ነው፤ ይኸውም የባትሪውን አንድ አምስተኛ። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ ገዝቼ ለምን እረግጣለሁ?» የሚል ሰው የራሱን ነዳጅ ቤቱ ትቶ እንደ ወጣ ይቁጠረው።

ዳገት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ ይገባል፤ ዳገቱ መሃል ላይ ሲታወስ ካቴናው ይንገጫገጫል። ሞተሩ በጎማው መሃል የሆነ ብስክሌት ደግሞ ዳገት ላይ ፍጥነቱ በጣም ሲወርድ ከሚስበው ጉልበት አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሊቆም ሲቃረብ የእጅ መያዣውን ይበልጥ መጠምዘዝ ባትሪውንም ሞተሩንም መጉዳት ነው፤ በእግር ማገዝ፣ ካልሆነም ወርዶ ጥቂት መግፋት ይሻላል።

ጎማን በተመለከተ፣ ትክክለኛው የአየር ልክ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የላላ ጎማ በአስፋልት ላይ ይጎተታል፤ ቶሎም ይፈነዳል። በየሁለት ሳምንቱ ጎሚስታ ጋ ጎራ ማለት፣ ወይም አንድ የእጅ መንፊያ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ፣ ለባትሪ ቁጠባ ከሚወጡ ገንዘቦች ሁሉ ርካሹ ነው። በኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ሰው ትንሽ ቢያላላው ይመቸዋል፤ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ግን አይውረድ። በክረምት ጭቃ የበላው ካቴና ተጠርጎ ዘይት ይቀባ።

የባትሪው ዕድሜ

አሁን በገበያ ያሉት ጥሩ ብስክሌቶች የሊቲየም ባትሪ አላቸው። ርካሾቹ እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስ የሚሠራ ይዘው ይመጣሉ። የሁለቱ አያያዝ የተለያየ ነው፤ ምክር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ሊቀመጥ አይወድም፤ እንደተነዳ ተሞልቶ ማደር አለበት። ሊቲየም ግን ጽንፍ አይወድም። «ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ አታድርግ» የሚለው ምክር ለድሮ ባትሪዎች የነበረ ነው፤ ሊቲየምን ይጎዳዋል። በአብዛኛው ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ማቆየት፣ ሙሉውን ለረጅም መንገድ ማስቀመጥ፣ ለሳምንታት የማይነዳ ከሆነም ግማሽ ያህል ሞልቶ ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ዕድሜውን ያረዝመዋል። የአዲስ አበባ ብርድ ብዙም አይጎዳውም፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ይጎዳዋል። ድሬዳዋና አፋር ላሉ አንባቢዎች ይህ ዋናው ምክር ነው።

ባትሪውን ለመሙላት ከሶኬት የሚሳበው 0.6 ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአሥር ደቂቃ የሚበላውን ያህል። ስለዚህ የሚያሳስበው ሒሳቡ ሳይሆን መብራቱ ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀል፣ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይገባል። ከራሱ ቻርጀር ውጪ በሌላ አለመሞላት፣ ተኝቶ አለመሙላት፣ በኮንዶሚኒየም ኮሪደርና በመውጫ በር አጠገብ አለመሙላት፣ የወደቀና ያበጠ ባትሪን ጨርሶ አለመንካት የነፍስ ጉዳይ ነው። የኒውዮርክ ከተማ በባትሪ ቃጠሎ ሰዎች ስለሞቱባት እ.ኤ.አ. በ2023 የደህንነት ማረጋገጫ የሌለው የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች።

ሕጉስ?

ባለፈው አንድ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ስጠይቅ ወጣቱ ሻጭ «ጋሼ፣ 60 ኪሎ ሜትር አይጠራጠሩ» አለኝ። «በየትኛው መንገድ፣ ልጄ?» ስለው ሳቀ። «ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ» ስለው ግን ሳቁ ቆመ።

ሳቁ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማችን የሚያሳስት የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚመዝነው ማስረጃ ነው። «60 ኪሎ ሜትር» የሚለው የአፍ ቃል ሁኔታው ስላልተነገረ ለክርክር ክፍት ነው፤ «504 ዋት-ሰዓት፣ የሊቲየም ባትሪ፣ ይህን ያህል ጊዜ ዋስትና ያለው» የሚል ጽሑፍ ግን ሊለካ ይችላል። ስለዚህ ገዢው እነዚህን ሦስት ነገሮች ደረሰኙ ላይ ያስጽፍ። ዕቃውንም እንደተረከበ ሞልቶ በራሱ መንገድ ይሞክረው፤ ጉድለት ካገኘ ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ ያሳውቅ። ሕጉ ገዢውንም የመመርመርና የማሳወቅ ግዴታ ጥሎበታልና። ያገለገለ የሚገዛ ደግሞ ባትሪው ከአዲስነቱ ያነሰ እንደሚይዝ አስቀድሞ ይቁጠር፤ ብዙ መቶ ጊዜ የተሞላ ባትሪ አንድ አምስተኛውን ቢያጣ አይገርምም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። በእኔ በኩል የማደርገው ቀላል ነው፤ የሻጩን ኪሎ ሜትር ለሁለት አካፍዬ የማምነው ግማሹን ብቻ ነው። የቀረውን ግማሽ የሚያስገኙት እግሬ፣ የጎማዬ አየርና ትዕግሥቴ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ማንም ሻጭ አይሸጥልኝም።