አንድ ዓይነት መስቀል አልነበረም

የስቅለትን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው፣ የሮማውያን ስቅላት ከአገር አገር የማይለወጥ ሥርዓት ይመስለዋል። በዘመኑ የነበሩት ሰዎች የጻፉት ግን ሌላ ነው። ፈላስፋው ሴኔካ ያያቸው መስቀሎች አንድ ዓይነት እንዳልነበሩ ይናገራል፤ አንዱን ቁልቁል ዘቅዝቀው፣ ሌላውን ክንዱን ወጥረው ይሰቅሉ ነበር። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስም በ70 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ የሆነውን ጽፏል። ወታደሮቹ ምርኮኞቹን ለመሳለቂያ በየዓይነቱ አኳኋን ይቸነክሯቸው ነበር፤ በቀን 500 እና ከዚያም በላይ ስለሚሰቀል ለመስቀሉ ቦታ፣ ለሰዉ መስቀል እስኪጠፋ ደረሰ። የማይለወጠው ነገር ማዋረዱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

የተፈረደበት ሰው ሙሉውን መስቀል ይሸከማል የሚለውም ብዙ አያስኬድም። በላቲን ጽሑፎች በተደጋጋሚ የሚነሣው አግዳሚው እንጨት ነው። ኔፕልስ አጠገብ በፑቴዮሊ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍም ይህንኑ እንጨት ይጠቅሳል። ጽሑፉ የከተማዋን ቀብርና ቅጣት በኮንትራት ስለያዘ ሰው የሚደነግግ ነው፤ ባሪያውን ማሰቀል የፈለገ ጌታ አግዳሚውን ለሚያመጡት፣ ለገራፊዎቹና ለሰቃዩ ለያንዳንዳቸው 4 ሴስተርሲ ይከፍላል። ትእዛዙ የባለሥልጣን ከሆነ ግን ተቋራጩ በነጻ ይሠራል። እኔን ከግርፋቱ ይልቅ ይህ የዋጋ ተመን ያስደነግጠኛል።

ስለ ችንካሩ በእጃችን ካለው ማስረጃ ዋነኛው አንድ የተረከዝ አጥንት ነው። በ1968 ኢየሩሳሌም ውስጥ ጊቭዓት ሃሚቭታር በተባለ ስፍራ፣ ዮሐናን የሚል ስም በተቀረጸበት የአፅም ሣጥን ውስጥ፣ 11.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሚስማር እንደተሰካበት ተገኘ። መጀመሪያ የመረመሩት ሁለቱም ተረከዞች በአንድ ሚስማር ተያይዘዋል ብለው ነበር። በ1985 ተመራማሪዎቹ ዚያስና ሰከለስ እንደገና ሲያዩት ግን ሚስማሩ የቀኙን ተረከዝ ብቻ ከውጭ ጎኑ በስቶታል። ስለዚህ እግሮቹ የቋሚውን እንጨት ግራና ቀኝ ይዘው የተቸነከሩ ይመስላል። እጆቹ ላይ የችንካር ምልክት የለም፤ በገመድ ታስረው ሊሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያናችን አምስቱን ቅንዋት (የጌታን ችንካሮች) ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ ብላ በስም ትጠራቸዋለች። ያ የጌታ ሕማም የሚታሰብበት ጸሎት ነው፤ የዮሐናን ተረከዝ ደግሞ የአንድ ሰው መዝገብ ነው፣ ለሁሉም ልኬት አይሆንም።

የተሰቀለ ሰው ትንፋሽ አጥሮት በሰዓታት ይሞታል የሚለው ሐሳብ በይበልጥ የተስፋፋው ባርቤ በተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ዙጊቤ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በፈቃደኞች ላይ ሲሞክረው የትንፋሽ እጦት አላየም። ሞቱም ሁልጊዜ ፈጣን አልነበረም፤ ጆሴፈስ ሦስት የሚያውቃቸውን ሰዎች የሮማውያኑን አዛዥ ቲቶን ለምኖ ከመስቀል አስወርዷቸዋል፤ ሁለቱ በሕክምና ላይ ሳሉ ሲሞቱ አንዱ ተርፏል። ጲላጦስም ኢየሱስ ፈጥኖ መሞቱን ሲሰማ እንደተገረመ ማርቆስ ጽፏል።

ስቅላት የሮማውያን ፈጠራ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም፤ ፋርሶችም ካርቴጆችም ያውቁት ነበር።

የሚቀረው ጥያቄ የተሰቀሉ ሰዎች አፅም ለምን ጥቂት ብቻ እንደተገኘ ነው። በ71 ቅ.ል.ክ. ብቻ 6,000 የዐመፀኛው ባሪያ የስፓርታከስ ተከታዮች ከካፑዋ እስከ ሮም ባለው መንገድ ላይ ተሰቅለዋል። ገመድ ግን አጥንት ላይ ምልክት አይተውም፤ ብዙዎቹም አልተቀበሩም። ሚስማሩንም ሰዎች ይፈልጉት ነበር፤ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው ለወባ መሰል ትኩሳት አንገት ላይ ይታሰር ነበር። የዮሐናን ሚስማር የቀረው ጫፉ ታጥፎ አልወጣ ስላለ ነው። በ2017 በእንግሊዝ ፌንስታንተን መንደር ተረከዙ በሚስማር የተበሳ ሌላ ሰው ሲገኝ፣ የችንካሩ ማስረጃ ከይሁዳ ምድር ውጭም እንደሚገኝ ታየ።